ስለ ፊንላንዳዊው ባለቅኔና ተርጓሚ ስለ ፔንቲ ሳሪኮስኪ

አንድ መጽሐፍ ሲመሰገን የሚመሰገነው ደራሲው ነው። መጽሐፉ ከባዕድ ቋንቋ የተመለሰ እንደ ሆነ ግን የተርጓሚው ስም በውስጠኛው ገጽ በትንሽ ፊደል ይታተምና አንባቢው ሳያየው ገልጦት ያልፋል። ከዚህም የተነሣ ትርጉም ማለት የራሱን ድርሰት ለመጻፍ ያልታደለ ሰው ጊዜውን የሚያሳልፍበት ሥራ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኛ ይህን አስተያየት አንቀበለውም። የማንቀበልበትንም ምክንያት በባዶ ክርክር ከማስረዳት ይልቅ በአንድ ሰው ሕይወትና ሥራ ለማሳየት ስለ ፈለግን፣ ከ1937 እስከ 1983 የኖረውን ፊንላንዳዊ ባለቅኔ ፔንቲ ሳሪኮስኪን መረጥን። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

ይህን ሰው ለመምረጥ ሌላም ምክንያት አለን። ሳሪኮስኪ በፖለቲካ ረገድ የግራው ወገን ሰው ነበረ፤ ይህንንም አልሸሸገም። ባለቅኔ ለአንድ ወገን በቆመ ጊዜ ቅኔው ይበረታል ወይስ ይሞታል የሚለው ጥያቄ በብዙ ሀገር መምህራንንና ተማሪዎችን ሲያከራክር የኖረ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ክርክሩ የሚካሄደው ግጥሞቹ ሳይነበቡ ነው። የሚደግፈው ወገን የባለቅኔውን ዓላማ ያመሰግናል፤ የሚቃወመውም ዓላማውን ይነቅፋል፤ ስለ ስንኙ አንድ ቃል የሚናገር አይገኝም።

የፊንላንድን ቋንቋ ታሪክ ጥቂት ሳናወሳ ስለ ሳሪኮስኪ መናገር አይቻልም። ፊንላንድ እስከ 1809 ድረስ በስዊድን መንግሥት፣ ከዚያም እስከ 1917 ድረስ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ነበረች። በነዚህ ረጅም ዘመናት የመንግሥቱ ጽሕፈትና የተማሩት ሰዎች መነጋገሪያ በአመዛኙ የስዊድን ቋንቋ ነበር፤ ፊንላንድኛ የገበሬው ቋንቋ ሆኖ ቀረ። ሚካኤል አግሪኮላ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ሰው የፊደል መማሪያ መጽሐፍ በ1543፣ ሐዲስ ኪዳንን ደግሞ በ1548 አሳተመ። ኤሊያስ ሎንሮት ከገበሬው አፍ የሰበሰበውን ጥንታዊ ዘፈን አቀነባብሮ ካሌቫላ በሚል ስም በ1835 ያወጣው፣ አስፍቶም በ1849 ያሳተመው፣ ከዚያ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አሌክሳንደር 2ኛ ፊንላንድኛ በመንግሥት ሥራ ከስዊድንኛ ጋር እኩል እንዲሆን ያዘዘው በ1863 ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ የተጻፈው የመጀመሪያው ታላቅ ልብ ወለድ፣ የአሌክሲስ ኪቪ «ሰባቱ ወንድማማቾች»፣ የወጣው በ1870 ነው። ስለዚህ ሳሪኮስኪ ሲወለድ ይህ መጽሐፍ ከታተመ ገና ስድሳ ሰባት ዓመት ብቻ ሆኖት ነበር።

እንዲህ ያለው ቋንቋ ከራሱ ደራስያን ብቻ ጠብቆ አይበቃውም፤ የሌላውን ዓለም ሀብት በትርጉም ማስገባት ግድ ይሆንበታል። ይህ ደግሞ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የግእዝ ሥነ ጽሑፍ መሠረቱ የተጣለው መጽሐፍ ቅዱስን፣ ቄርሎስንና ፊሳልጎስን ከግሪክ በመለሱ ሰዎች እጅ ነው፤ የነዚያም ሰዎች ስማቸው እንኳ አልቀረልንም።

ሳሪኮስኪ የተወለደው ከላዶጋ ሐይቅ በስተሰሜን በምትገኘው በኢምፒላህቲ መስከረም 2 ቀን 1937 ነው። ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ሲሆነው ሶቪየት ኅብረት በፊንላንድ ላይ ጦርነት ከፈተች። በመጋቢት 1940 በሞስኮ በተደረገው ውል መሠረት ያ የካሬሊያ አገር ለሶቪየት ስለ ተሰጠ፣ ከ400 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ቤታቸውንና እርሻቸውን ጥለው ወደ ምዕራብ ተሰደዱ። የሕፃኑ ቤተ ሰብም ከነዚህ ውስጥ ነበረ። ባለቅኔው በኋላ ወዳገሩ ቢመለስ የሚያገኘው የትውልድ መንደር በሌላ መንግሥት ወሰን ውስጥ ነው።

እንግዲህ ነገሩን አስደናቂ የሚያደርገው ይህ ነው፤ ሶቪየት ኅብረት የትውልድ ስፍራውን የወሰደችበት ልጅ አድጎ ከኮሙኒስቶች ወገን ቆመ። ጠላቶቹ ይህን ክህደት ነው አሉት። እኛ ግን ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይመስለንም። ካደገ በኋላ ያያት ፊንላንድ በጦርነቱ ትዝታ ላይ የተቀመጠች፣ ስለ ሀገር ፍቅርና ስለ መሥዋዕትነት በታላላቅ ቃላት የምትናገር ሀገር ነበረች። ለታላላቅ ቃላት ጥርጣሬ ያደረበት ወጣት ደግሞ ያንኑ ቃል ከሚናገሩት ርቆ ሌላ ወገን መፈለጉ የሚጠበቅ ነው። ያገኘው ወገንም የራሱ ታላላቅ ቃላት እንደነበሩት ያወቀው ቆይቶ ነው።

በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የግሪክን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ አጠና። በ1958 ሁለት የግጥም መጻሕፍት በአንድ ዓመት አወጣ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በጥንቱ ግሪካዊ ተሳዳቢ ባለቅኔ በሂፖናክስ ስም የሰየማቸውን ግጥሞች ጨመረ። በተማሪዎች ጋዜጣ ላይ ደግሞ «አፍንጫ» በሚል የብዕር ስም ቀልድና ተረብ የተቀላቀለበት ጽሑፍ እያወጣ በከተማው ታወቀ። ከነዚህ የወጣትነት ሥራዎች ውስጥ ግሪካዊው የቃል ጥራት ያለባቸው ዛሬም ይነበባሉ፤ ቀልዱ ግን፣ እንደ ቀልድ ሁሉ፣ ከዘመኑ ጋር አልፏል።

ስሙን ያጸናለት በ1962 የታተመው ሲሆን ርእሱ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «በእውነት ምን እየሆነ ነው?» የሚል ይሆናል። ይህን መጽሐፍ የገለጠ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የስንኞቹን አቀማመጥ ነው። ቃላቱ በገጹ ላይ ተበታትነዋል፤ አንዱ ሐረግ ከግራ ይጀምራል፣ ሌላው ከመካከል፤ ሥርዓተ ነጥብ የለም ማለት ይቻላል። በመንገድ ላይ የተሰማ ንግግር፣ ከጋዜጣ የተቆረጠ ወሬ፣ የፖለቲካ ሰዎች አባባል፣ የፍቅር ቃል፣ የጥንት ግሪኮች ነገር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ባለቅኔው መካከላቸው ገብቶ አያስታርቃቸውም፤ አያብራራቸውምም።

ሰምና ወርቅ የለመድን እኛ እንዲህ ያለውን ግጥም ስናይ ሰሙ የት አለ፣ ወርቁስ ምንድር ነው ብለን መጠየቃችን አይቀርም። የኛ ባለቅኔ ሁለቱን ትርጉም በአንድ ቃል ውስጥ ደብቆ ኅብረ ቃሉን እንድንፈታ ይተውልናል። ሳሪኮስኪ ግን የሚያደርገው ሌላ ነው፤ ሁለት ግልጥ ነገሮችን፣ ለምሳሌ ያህል የመንግሥታትን ጠብና የአንድን ሰው የቁርስ ጠረጴዛ፣ አጠገብ ለአጠገብ ያኖራቸዋል፤ ትርጉሙም በሁለቱ መካከል ባለው ባዶ ስፍራ ላይ ይገኛል። የተደበቀ ነገር ስለሌለ አንባቢው የሚፈታው ቃል አያገኝም፤ የሚፈታው ዝምድናውን ነው። ይህ መንገድ በሰነፍ እጅ ሲገባ የጋዜጣ ቁርጥራጭ ከመሆን እንደማያልፍ አንክድም። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ቁራጭ በጆሮ ተመዝኖ የተቀመጠ ነው፤ የግሪክን ግጥም ልክ ያጠና ሰው ጆሮ መሆኑ ይታወቃል።

ከፖለቲካ አንጻር ሲታይም የመጽሐፉ ብርታት እዚህ ላይ ነው። ሳሪኮስኪ በዚህ ጊዜ የግራው ወገን ደጋፊ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ መፈክር ይጠብቃል። መፈክር አያገኝም፤ የሚያገኘው ጥያቄ ነው፤ ርእሱም ራሱ ጥያቄ ነው። የዓለም ነገር በጋዜጣ፣ በራዲዮና በሰው ወሬ ተቆራርጦ ወደ አንድ ክፍል ውስጥ ሲገባ፣ በክፍሉ ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ እውነቱን እንዴት ይለያል? ይህን የሚጠይቅ ግጥም የአንድ ወገን መሣሪያ ሊሆን አይችልም፤ ይሁን እንጂ ከፖለቲካ የበለጠ ፖለቲካ ነው።

የሚያሳዝነው ግን ባለቅኔው በዚህ ላይ አልቆየም። የፊንላንድ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት የሚባለው፣ ኮሙኒስቶችና ሌሎች የግራ ሰዎች የተሰበሰቡበት ማኅበር፣ በ1958 ምርጫ ከ200 የፓርላማ ወንበሮች 50ውን አግኝቶ ነበር፤ በ1966ም ከሌሎች ጋር መንግሥት ውስጥ ገባ። ሳሪኮስኪም በዚያው ዘመን ከዚህ ማኅበር ወገን ሆኖ ለፓርላማ ተወዳደረ፤ አልተመረጠም። ፎቶግራፉ በየመጽሔቱ የሚወጣ፣ የሚናገረው ሁሉ ወሬ የሚሆን ዝነኛ ሰው ሆነ። በዚህ ጊዜ ከጻፋቸው ግጥሞች ብዙዎቹ ቀድሞ ጥያቄ በነበረበት ስፍራ መልስ የገባባቸው ናቸው፤ መልሱም ጊዜው ሲያልፍ አብሮ ያረጀ ነው። ይህን የምንለው አስተሳሰቡን ለመንቀፍ አይደለም። ቀኝ አሳቢ ባለቅኔም መልሱን አስቀድሞ ካወቀው ግጥሙ ያው ይሆናል።

በነሐሴ 1968 የሶቪየት ኅብረትና የጓደኞቿ ጦር ቼኮስሎቫኪያ ሲገባ የፊንላንድ ኮሙኒስቶች ለሁለት ተከፈሉ። ሳሪኮስኪ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በፕራግ ያሳለፈውን ጊዜ የሚያነሣ ልብ ወለድ አሳትሞ ነበር። በ1969 የወጣው የግጥም መጽሐፉ ርእስ «ከስታሊን ራስ በላይ ወደ ውጭ እመለከታለሁ» የሚል ነው። እኛ እንደሚመስለን ይህ ርእስ ብቻውን ከብዙ ገጽ ሐተታ ይበልጣል፤ ራሱ ገና በመስኮቱ ላይ አለ፤ አልተጣለም፤ ውጭውን ለማየት የፈለገ ሰው ግን ከሱ በላይ ማየት አለበት።

አሁን ወደ ትርጉሙ እንመለስ። ሳሪኮስኪ እንጀራውን የበላው በአመዛኙ በትርጉም ነው። ይሁንና የመረጣቸውን መጻሕፍት ያየ ሰው ለእንጀራ ብቻ እንዳልሠራ ይረዳል። በ1961 የአሜሪካዊውን ደራሲ የሳሊንጀርን ስለ አንድ ወጣት የሚተርከውን ዝነኛ ልብ ወለድ መለሰ። መጽሐፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ የኒው ዮርክ ልጅ አነጋገር የተጻፈ ስለ ሆነ፣ በመጽሐፍ ቋንቋ ቢመለስ ልጁ ሽማግሌ ይሆን ነበር። ሳሪኮስኪ የሄልሲንኪን የመንገድ ልጆች ቋንቋ፣ ከስዊድንኛና ከሩሲያኛ ቃል እየተዋሰ ያደገውን፣ እኛ የአራዳ አነጋገር የምንለውን ዓይነት፣ ወደ መጽሐፍ አስገባው። የቋንቋ መምህራን ቅር ቢላቸው አይደንቅም፤ ወጣቶቹ ግን መጽሐፉን እንደ ራሳቸው ድርሰት ተቀበሉት። የአራዳ ቃል ቶሎ ስለሚያረጅ በ2004 አርቶ ሽሮዴሩስ የተባለ ተርጓሚ እንደገና መልሶታል።

በሚቀጥለው ዓመት የሄንሪ ሚለርን አንድ መጽሐፍ ተርጉሞ ቢወጣ፣ ለግብረ ገብ የሚከፋ ነው ተብሎ በ1962 በመንግሥት ትእዛዝ ተያዘ። ይህን በጥቂቱ ማለፍ እንችላለን፤ መጽሐፉም ከሚለር ሥራዎች ውስጥ ባለቅኔውን የሚመጥን አይመስለንም።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ የአየርላንዳዊው የጄምስ ጆይስ «ዩሊሲስ» ነው። ይህ በ1922 የወጣ መጽሐፍ በደብሊን ከተማ ሰኔ 16 ቀን 1904 የሆነውን፣ የአንድን ቀን ነገር ብቻ፣ በዐሥራ ስምንት ክፍል ይተርካል፤ እያንዳንዱም ክፍል የተጻፈበት ስልት ለየብቻ ነው። ሳሪኮስኪ ትርጉሙን በ1964 ሲያሳትም ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። ችግሩ እንዴት ያለ እንደ ነበረ ለማስረዳት ሁለት ነገር እንጥቀስ።

አንደኛ፣ ጆይስ በአንደኛው ክፍል የእንግሊዝኛን ዝርው ጽሑፍ ታሪክ ከጥንቱ ጀምሮ እስከ ራሱ ዘመን ድረስ በየተራ እየመሰለ ይጽፋል። በመካከለኛው ዘመን ምንም ያልተጻፈበት ፊንላንድኛ ይህን በምን ይመልሰው? አግሪኮላ የጻፈው በ1543 ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ኋላ የሚኬድበት መንገድ የለም። የኛ ተርጓሚ ቢሆን በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ ግእዙ፣ የነገሥታቱ ዜና መዋዕል፣ የጥንቱ አማርኛ የወታደር ግጥም አለለት። ሁለተኛው ችግር ከሰዋስው የመጣ ነው። ፊንላንድኛ «እሱ» እና «እሷ» የሚል ልዩነት የለውም፤ ለሁለቱም አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው። የጆይስ መጽሐፍ የሚጨርሰው አንዲት ሴት በሌሊት በአልጋዋ ሆና በምታስበው ረጅም ሐሳብ ነው፤ በዚያም ውስጥ ስለ ብዙ ወንዶች «እሱ» እያለች አንዱን ከሌላው ሳትለይ ትናገራለች። እንግሊዛዊው አንባቢ የትኛው ወንድ እንደ ሆነ ቢጠፋው ወንድ መሆኑን ያውቃል። ፊንላንዳዊው ግን ወንድ ይሁን ሴት እንኳ ከቃሉ አይነግረውም። በአማርኛ ግሡ ራሱ «መጣ»፣ «መጣች» እያለ ስለሚለይ ይህ ጭንቀት ለኛ ለመገመት ያስቸግራል። ተርጓሚው ቋንቋው የማይሰጠውን በዙሪያው ባለው አነጋገር ማካካስ ግዴታው ይሆናል።

ይህ ትርጉም ለግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ብቻውን ቆየ። በ2012 ሌቪ ሌህቶ አዲስ ትርጉም ሲያወጣ የመጽሐፉን ስም እንደ እንግሊዝኛው «ዩሊሲስ» አለው፤ ሳሪኮስኪ ግን «ኦዲሴውስ» ብሎት ነበር። ትንሽ የሚመስለው ይህ ልዩነት ብዙ ይናገራል። ግሪክ ያጠናው ባለቅኔ በአየርላንዳዊው መጽሐፍ በኩል ሆሜርን እያየ ነበር፤ እንዳየም በ1972 የሆሜርን «ኦዲሴይ» ራሱን አስከተለ። ያን መጽሐፍ ከዚያ ቀደም ባለቅኔው ኦቶ ማኒነን ስድስት ምት ያለውን የግሪክ ልክ ጠብቆ መልሶት ነበር። የማኒነን ሥራ የታላቅ ጥበብ ሥራ ነው፤ ልኩን ለመሙላት የተጠቀመባቸው ቃላት ግን ለተማሪ ከባድ ሆነው ኖሩ። ሳሪኮስኪ ልኩን ትቶ ታሪኩን ሰው በሚናገረው ቋንቋ ተረከው። ዜማው ጎደለ የሚሉ ትክክል ናቸው፤ መርከቡ ግን ይሄዳል። በዚያው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ከሰው ሁሉ ርቀው ወደሚኖሩት፣ ለሁለት ወደ ተከፈሉት ኢትዮጵያውያን ግብር ሊበላ መሄዱ ይነገራል። ሆሜር ያሰበው ሕዝብ የትኛው እንደ ሆነ ሊቃውንት ቢከራከሩም፣ ስማችን በዚያ በሰሜን ዳርቻ ቋንቋ ከመጀመሪያው ገጽ መነበቡ ደስ ያሰኛል።

ከዚህም ሌላ የአርስቶትልን ስለ ግጥም የተጻፈ መጽሐፍ በ1967፣ የሳፎን ግጥሞችና የማቴዎስን ወንጌል በ1969፣ የፈላስፋውን የሄራክሊጦስን ቁርጥራጭ ቃላት በ1971 መለሰ። ኮሙኒስት ነኝ የሚል ሰው ወንጌልን መተርጎሙ አንዳንዱን ያስቃል፣ አንዳንዱንም ያስቆጣል። ለኛ ግን ከሌላው ሥራው ጋር አንድ ነው፤ ቀራጩም፣ ዓሣ አጥማጁም፣ የመንገዱ ልጅም በመጽሐፍ ውስጥ በራሳቸው አፍ እንዲናገሩ ማድረግ ነው። የግራ ሰውነቱን የምንፈልገው በምርጫ ዝርዝር ላይ ከሆነ አጭር ምዕራፍ ነው፤ በትርጉሞቹ ውስጥ ከፈለግነው ግን ዕድሜውን ሙሉ ነው።

ስለ ግል ሕይወቱ ብዙ ተጽፏል፤ እኛ ጥቂት ብቻ እንናገራለን። አራት ጊዜ አገባ። መጠጥ ጎዳው፤ ከሞተ በኋላ በ1999 ከታተሙት የማስታወሻ ደብተሮቹ አንደኛው «የሰካራም ማስታወሻ» የሚል ስም ይዟል። ሚስቱ የነበረችው ደራሲት ቱላ-ሊና ቫሪስም በ1994 የራሷን ትዝታ አሳትማለች። ዝናውን ብቻ የሚያውቁ ወጣቶች መጠጡን የባለቅኔነት ምልክት አድርገው ሲያወሩ ይሰማል። የትርጉሞቹን ብዛትና ጥራት ያየ ሰው ግን በየቀኑ ከጠረጴዛው ፊት የሚቀመጥ፣ መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ሠራተኛ ነው የሚያየው፤ መጠጡ ከዚህ ላይ ወሰደ እንጂ አልጨመረም።

በ1975 ወደ ስዊድን ሄዶ ከምሁሯ ከሚያ በርነር ጋር ኖረ፤ ትዮርን በተባለችው በምዕራቡ ዳርቻ ደሴትም ተቀመጠ። በዚያ ከጫጫታው ርቆ የጻፋቸው ሦስት መጻሕፍት በ1977፣ በ1980 እና በ1983 ወጥተው፣ አንድ ላይ «ቲያርኒያ» በሚል ስም ይጠራሉ፤ ስሙም ከደሴቲቱ ስም የተወሰደ ነው። ሦስቱም በርእሳቸው ላይ ጭፈራ የሚል ቃል አለባቸው። ስንኞቹ አጭር ናቸው፤ አንድ ሰው በድንጋይና በቁጥቋጦ መካከል እየተራመደ ያየውን፣ የሰማውን፣ ከጥንት መጻሕፍት ያስታወሰውን ይናገራል። በ1962 በጋዜጣና በራዲዮ ሲመጣ የነበረው ዓለም አሁንም ይመጣል፤ ነገር ግን ዝግ ብሎ ነው። ሄራክሊጦስ አለ፤ የግሪክ ተረት አለ፤ ሃያ ዓመት የተረጎማቸው ሁሉ በገዛ ግጥሙ ውስጥ ቤተኛ ሆነው ተቀምጠዋል። ተርጓሚውና ባለቅኔው ሁለት ሰው ናቸው ለሚል ሰው ይህን መጽሐፍ እንሰጠዋለን። በኛ ግምት ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ የ1962ቱ ቢቀድመው በድፍረት ብቻ ነው።

የሦስተኛው መጽሐፍ በወጣበት ዓመት፣ ነሐሴ 24 ቀን 1983፣ በፊንላንድ ምሥራቅ ባለችው በዮኤንሱ ከተማ ሞተ፤ አርባ ስድስት ዓመት ሊሞላው ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። የተቀበረው በሄይናቬሲ ባለው በቫላሞ የኦርቶዶክስ ገዳም መቃብር ነው። ይህ ገዳም ከጥንት ጀምሮ የነበረው በላዶጋ ሐይቅ ደሴት ላይ ሲሆን፣ መነኮሳቱ ደሴቲቱን ለቀው ወደዚህ የመጡት የባለቅኔው ቤተ ሰብ በተሰደደበት በዚያው ጦርነት በ1940 ነው።

ፊንላንድኛ የማያውቁ አንባቢዎቻችን ግጥሞቹን በእንግሊዝኛ ሊያገኟቸው ይችላሉ። ተርጓሚው በሄልሲንኪ ተወልዶ በአሜሪካ የኖረው ባለቅኔ አንሰልም ሆሎ ነው፤ የቲያርኒያን ሦስት መጻሕፍት በአንድ ጥራዝ በ2003 አውጥቷቸዋል። ስሙም በውስጠኛው ገጽ ላይ አለ።